የጽንፈ ዓለምን መነሻ ያሰሉት ቄስ፤ የአባ ዦርዥ ለሜትር የሕይወት ታሪክ

በግልገል በለስ ከተማ መብራት በጠፋ ማታ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ላይ ቀና የሚል ሰው ሁሉ፣ ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠውን ነጭ የብርሃን መንገድ ያያል። ይህም ፍኖተ ሐሊብ የሚባለው ነው። በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ ከፍ አድርጎ የሚመለከት ሰው ደግሞ አንዲት ጭጋግ የመሰለች ትንሽ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። እርስዋም አንድሮሜዳ የተባለችው የከዋክብት ጭፍራ፣ ማለት ጋላክሲ ናት። ብርሃንዋ ወደ ዓይናችን ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ ዛሬ የምናየው ብርሃን ከዚያ የተነሣው፣ በአገራችን በአፋር ምድር ጎና በተባለው ስፍራ የጥንት ፍጥረቶች ድንጋይ እየፈለጡ መሣሪያ ይሠሩ ከነበረበት ዘመን ብዙም ሳይርቅ ነው ማለት ነው።

እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ይህን ነገር በክፍል ውስጥ በተማርን ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች በመካከላችን ተነሥተው ነበር። አንደኛው፣ ይህ ሁሉ መነሻ አለውን፤ ካለውስ በምን ሊታወቅ ይችላል የሚል ነው። ሁለተኛው ግን ከበድ ያለ ነበር። ይኸውም እንዲህ ያለውን ነገር በቁጥርና በስሌት መመርመር የፈጣሪን ሥራ እንደ መዳፈር ይቆጠራልን የሚል ነው። ከመካከላችን ቤተ ክርስቲያን የሚስሙ አሉ፤ መስጊድ የሚሰግዱም አሉ፤ ጥያቄው ግን የሁላችንም ነበር። አንዱ ጓደኛችን የተማረውን ለአያቱ ባጫወታቸው ጊዜ፣ ትምህርቱ ከእምነቱ እንዳያወጣው በብርቱ እንደ መከሩት ነግሮናል።

ስለዚህ ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ላይ፣ ለሁለቱም ጥያቄዎች በሥራቸውና በኑሮአቸው መልስ የሰጡትን የአባ ዦርዥ ለሜትርን ታሪክ ባጭሩ ለማቅረብ ወደድን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናስታውስ። ካህን ሆኖ ቁጥር ማወቅ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት እየቆጠሩ፣ አበቅቴና መጥቅዕ እያወጡ፣ ጾምና በዓል የሚውልበትን ቀን ያስታውቃሉ። ሙስሊም ወገኖቻችንም የወራቸውን መግቢያ በጨረቃ መታየት ያውቃሉ። ከዚህም በላይ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሬትን መንቀጥቀጥና መግነጢስ የሚመረምረውን ጣቢያ በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ያቋቋሙት፣ አባ ፒየር ጉዋን የተባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ነበሩ። አባ ለሜትርም ከዚህ ዓይነት ሰዎች ወገን ናቸው።

ዦርዥ ለሜትር ጁላይ 17 ቀን 1894 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር፣ ሻርለሯ በተባለችው የከሰል ድንጋይና የመስተዋት ፋብሪካ ከተማ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ነበሩ። አባታቸው የመስተዋት ፋብሪካ ነበራቸው። ትንሹ ዦርዥ ገና በ9 ዓመት ዕድሜ ገደማ ቄስም የሳይንስ ሊቅም ለመሆን ቆርጠው ነበር ይባላል። የመጀመሪያ ትምህርታቸውን በኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት አጠናቀቁ። ነገር ግን የአባታቸው ፋብሪካ በእሳት ጠፋ፤ ቤተ ሰቡም ወደ ብራስልስ ከተማ ተዛወረ። የበኩር ልጅ የቤተ ሰቡን ሸክም ማሰብ ይገባዋልና፣ ዦርዥ የክህነቱን ሐሳብ ለጊዜው ወደ ጎን ብለው በ1911 ዓ.ም. በሉቨን ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና መማር ጀመሩ።

ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ በኦገስት 1914 ዓ.ም. የጀርመን ጦር ቤልጅግን ወረረ። የ20 ዓመቱ ወጣትም ደብተራቸውን ዘግተው በፈቃዳቸው ወደ ጦር ሜዳ ዘመቱ። መጀመሪያ በእግረኛ፣ በኋላም በመድፈኛ ጦር ውስጥ አገለገሉ። በዚያው ወር የሚማሩበት የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከነመጻሕፍቱ ተቃጠለ። በኤፕሪል 1915 ዓ.ም. በኢፕር አጠገብ የመርዝ ጢስ በሰው ላይ ሲለቀቅ በዚያ ግንባር ነበሩ። እንደዚህ ባለው መከራ ውስጥ ሳሉ በምሽግ ተቀምጠው የፊዚክስ መጻሕፍት ያነቡ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ስለ ጀግንነታቸው የጦር ሜዳ መስቀል ኒሻን ተሸለሙ።

ትምህርት በሰላም መታወክ ምክንያት ሲቋረጥ ምን ማለት እንደ ሆነ እኛ የመተከል ልጆች ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በቅርብ ዓመታት ከመካከላችን ደብተራቸውን ጥለው ከቀያቸው የወጡ፣ ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ከታናናሾቻቸው ጋር በአንድ ወንበር የተቀመጡ አሉ። ስለዚህ ይህ የታሪኩ ክፍል ልባችንን ነክቶታል። ለሜትር በትምህርት ገበታ ላይ ሊያሳልፉአቸው የሚገባቸው ከአራት ዓመት በላይ የሆኑ ዓመታት ጠፍተውባቸው ነበር። ሲመለሱ ግን ጊዜዬ አለፈ ብለው አልተቀመጡም። ይልቁንም ምህንድስናውን ትተው ወደ ሒሳብና ወደ ፊዚክስ ዞሩ፤ በ1920 ዓ.ም. የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። በዚያው ዓመት በመኸለን ከተማ ወደሚገኘው የዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ገቡ፤ በሴፕቴምበር 1923 ዓ.ም. ከካርዲናል መርሲዬ እጅ ክህነት ተቀበሉ። እንዲህ ሆኖ የልጅነት ምኞታቸው ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ተፈጸመ።

በዚያ ዘመን የሊቃውንት ሁሉ መነጋገሪያ የአልበርት አይንስታይን የአንጻራዊነት ትምህርት ነበር። አይንስታይን በ1915 ዓ.ም. የስበትን ኃይል በአዲስ መንገድ አስረድተው ነበር። ይኸውም ቁስ አካል ያለበት ስፍራና ጊዜ ይጎብጣል፤ ጉብጠቱም ለሌላው አካል መንገዱን ያሳየዋል የሚል ነው። ይህን ሕግ በጽንፈ ዓለም ሁሉ ላይ ባዋሉት ጊዜ ግን አንድ ችግር አጋጠማቸው፤ ስሌቱ ጽንፈ ዓለም ባለበት ረግቶ ሊቆም እንደማይችል አመለከተ። ከዋክብት የረጉ መሆናቸውን ሰው ሁሉ ያምን ነበርና፣ አይንስታይን በ1917 ዓ.ም. በስሌቱ ውስጥ ላምዳ በተባለው የግሪክ ፊደል የሚጻፍ አንድ ቁጥር ጨመሩ። የቁጥሩም ተግባር ስበትን ተቃውሞ ጽንፈ ዓለምን ባለበት ማቆም ነበር። ይህን ላምዳ አንባብያን እንዲያስታውሱት እንፈልጋለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

አባ ለሜትር ይህን ትምህርት ዘርዐ ክህነት ሳሉ አጥንተው ስለ እርሱ ጽፈው ስለ ነበር፣ ወደ ውጭ አገር ሄደው እንዲማሩ ገንዘብ ተሰጣቸው። ከ1923 እስከ 1924 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ከአርተር ኤዲንግተን ዘንድ ተማሩ። ኤዲንግተን በ1919 ዓ.ም. በምዕራብ አፍሪካ አጠገብ በምትገኘው በፕሪንሲፔ ደሴት የፀሐይን ግርዶሽ ተመልክተው፣ የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ አይንስታይን እንዳሉት የሚጎብጥ መሆኑን የመሰከሩ ሊቅ ናቸው። ከዚያም አባ ለሜትር ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ከሃርሎ ሻፕሊ ጋር አንድ ዓመት ሠሩ።

በዚህ ጣቢያ ሄንሪዬታ ሌቪት የተባሉ ሴት ሊቅ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1921 ዓ.ም. ድረስ ይሠሩ ነበር። እኒህ ሴት ሴፊድ የተባሉትን፣ ብርሃናቸው በየጊዜው ደመቅና ደብዘዝ የሚለውን ከዋክብት መርምረው፣ ርቀታቸውን ለመለካት የሚያስችለውን ሕግ በ1912 ዓ.ም. አስታወቁ። ሴፊድ የሚለው ስም ለኢትዮጵያውያን ጆሮ ሊጥም የሚገባው ነው። በጥንት ግሪኮች ተረት ሴፌዎስ የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ ካሲዮፔያ ንግሥቲቱ፣ አንድሮሜዳም ልጃቸው ነበሩ፤ ሦስቱም በሰማይ የከዋክብት መጠሪያ ሆነዋል። ኤድዊን ሃብል የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ በ1923 ዓ.ም. ከእነዚህ ሴፊዶች አንዱን በአንድሮሜዳ ውስጥ አገኙ፤ በእርሱም ርቀትዋን ለክተው፣ አንድሮሜዳ ከእኛ ፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለች ሌላ የከዋክብት ጭፍራ መሆንዋን አረጋገጡ። እንግዲህ በኢትዮጵያዊው ንጉሥ ስም የተጠራው ኮከብ በልጁ ስም የተጠራችውን ጋላክሲ አስለካት ብንል ስሕተት አይሆንም።

ይህ በ1925 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲታወጅ አባ ለሜትር በአሜሪካ ነበሩ። ወዲያውም ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ተነሥተው በአሪዞና ቬስቶ ስላይፈርን፣ በካሊፎርኒያም ሃብልን ጎበኙ። ስላይፈር የጋላክሲዎችን ብርሃን ወደ ቀለማቱ ዘርዝረው መርምረው፣ አብዛኞቹ ከእኛ የሚርቁ መሆናቸውን ደርሰውበት ነበር። ይህ እንዴት እንደሚታወቅ በቀላሉ ማስረዳት ይቻላል። ከቻግኒ የሚመጣ የጭነት መኪና ክላክሱን እየነፋ በአጠገባችን ሲያልፍ፣ ሲቀርብ ቀጭን የነበረው ድምፅ ሲርቅ ይወፍራል። የብርሃንም ነገር ይህን ይመስላል፤ የሚርቅ አካል ብርሃን ወደ ቀይ ቀለም ያደላል።

አባ ለሜትር በ1925 ዓ.ም. ወደ ሉቨን ተመልሰው መምህር ሆኑ። በ1927 ዓ.ም. በብራስልስ በሚታተም የሳይንስ መጽሔት ላይ በፈረንሳይኛ አንድ ጽሑፍ አወጡ። በእርሱም የአይንስታይንን ሕግ፣ የስላይፈርን ፍጥነትና የሃብልን ርቀት አንድ ላይ አገጣጠሙ። ያገኙትም መልስ ጋላክሲዎች በባዶ ስፍራ ውስጥ የሚሸሹ ሳይሆኑ፣ ራሱ ስፍራው እየሰፋ ይዞአቸው የሚሄድ መሆኑን የሚያስረዳ ነው። እናቶቻችን ጥቁር አዝሙድ የነሰነሱበትን የድፎ ዳቦ ሊጥ እናስብ። ሊጡ ኩፍ ሲል ጥቁር አዝሙዱ በሊጡ ውስጥ አይራመድም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፍሬ ከሌላው ይርቃል። በመጀመሪያ ርቆ የነበረውም ፍሬ በቅርብ ከነበረው ይልቅ ፈጥኖ ይርቃል። አባ ለሜትር ይህን የርቀትና የፍጥነት ዝምድና ከ42 ጋላክሲዎች አስልተው በቁጥር አስቀመጡት። ቁጥሩ ዛሬ ከሚታወቀው ወደ ዘጠኝ እጥፍ የሚበልጥ ነበር፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን የጋላክሲዎች ርቀት በጣም አንሶ ይለካ ስለ ነበር ነው። መንገዱ ግን ትክክለኛ ነበር።

ያን ጽሑፍ ግን የሚያነብ ጠፋ። በዚያው ዓመት በብራስልስ ታላቅ የሊቃውንት ስብሰባ በተደረገ ጊዜ አባ ለሜትር አይንስታይንን አገኙአቸውና በመናፈሻ ውስጥ እየተራመዱ ተነጋገሩ። አይንስታይን ስሌቱ ልክ መሆኑን አምነው፣ ዓለም ትሰፋለች የሚለውን ሐሳብ ግን በጠነከረ ቃል ነቀፉት። አሌክሳንደር ፍሪድማን የተባሉ ሩሲያዊ ሊቅ በ1922 ዓ.ም. ይህንኑ የመሰለ ስሌት አሳትመው እንደ ነበርም ነገሩአቸው። አንድ ወጣት መምህር በዓለም የታወቀ ሊቅ ፊት ለፊት ሲነቅፈው ምን ሊሰማው እንደሚችል መገመት አያዳግትም። አባ ለሜትር ግን አልተጣሉም፤ ሥራቸውንም አልተዉም፤ የፍሪድማንንም ቀዳሚነት ከዚያ በኋላ ሳይሸሽጉ መሰከሩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ ሃብል በ1929 ዓ.ም. የጋላክሲዎች ፍጥነት ከርቀታቸው ጋር የሚያድግ መሆኑን በተሻለ መለኪያ አሳዩ። ኤዲንግተንም የቀድሞ ተማሪያቸው ምክንያቱን አስቀድሞ መግለጡን ተረድተው፣ ጽሑፉ በ1931 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ እንዲታተም አደረጉ። በትርጉሙ ውስጥ ግን አባ ለሜትር ቁጥሩን ያሰሉበት ክፍል አልነበረም። ለብዙ ዓመታት ይህን የሠረዘው ማን ነው እየተባለ ሲያጠራጥር ኖረ፤ አንዳንዶችም ክብሩን ለሌላ ለመስጠት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው እስከ ማለት ደረሱ። በ2011 ዓ.ም. የተገኘ ደብዳቤ ግን ተርጓሚውም ሠራዡም ራሳቸው አባ ለሜትር መሆናቸውን ገለጠ። የሃብል መለኪያ ከእርሳቸው የተሻለ ስለ ነበር፣ አሮጌውን ቁጥር መልሶ ማተም አስፈላጊ ሆኖ አልታያቸውም። በፈተና አንዲት ነጥብ ጎደለችብን ብለን ለምንከራከር ለእኛ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

በዚያው በ1931 ዓ.ም. አባ ለሜትር ወደ ዋናው ነገር ተሻገሩ። ዓለም እየሰፋች የምትሄድ ከሆነ፣ ጊዜን ወደ ኋላ ብንመልሰው እየጠበበች ትሄዳለች። እጅግ ወደ ኋላ ብንሄድ ደግሞ ሁሉም ነገር በአንድነት የተጨመቀበት ቀን ላይ እንደርሳለን። ያን መነሻ የመጀመሪያው አቶም ብለው ሰየሙት፤ ራዲየም የተባለው ማዕድን እየተሰነጠቀ ሌላ ነገር እንደሚሆን፣ ያም አቶም እየተከፋፈለ ጽንፈ ዓለምን አስገኘ ሲሉ አሰቡ። ይህን ሐሳብ ኔቸር በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ላይ በሜይ 9 ቀን ያወጡት አንድ ገጽ በማይሞላ ደብዳቤ ነው።

የደብዳቤው ረቂቅ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። በመጨረሻው ላይ ስለ እግዚአብሔር የሚናገር አንድ አንቀጽ ነበረበት፤ ፈጣሪ በባሕርዩ ስውር መሆኑን፣ አዲሱ ፊዚክስም ፍጥረትን የሚሸፍን መጋረጃ እንደ ሆነ የሚያመለክት ነበር። ደብዳቤው ከመታተሙ በፊት ግን ይህ አንቀጽ ተሠረዘ። አባ ለሜትር ያመኑትን ክደው አይደለም፤ ዘወትር ይጸልዩና ይቀድሱ ነበር። ነገር ግን የሳይንስ ጽሑፍ በመለኪያና በስሌት ብቻ መቆም እንዳለበት ያምኑ ነበር።

ከዚህ በኋላ ስማቸው በዓለም ተሰማ። በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ከአይንስታይን ጋር እንደ ገና ተገናኙ፤ በዚህ ጊዜ አይንስታይን የዓለምን መስፋት ተቀብለው፣ ሥራቸውንም አድንቀው ነበር። በ1934 ዓ.ም. ፍራንኪ የተባለውን የቤልጅግን ታላቅ የሳይንስ ሽልማት ተቀበሉ። በአንድ ነገር ግን ሁለቱ ሊቃውንት እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። አይንስታይን ዓለም የምትሰፋ ከሆነ ላምዳ አያስፈልግም ብለው ጣሉት። አባ ለሜትር ግን ላምዳን አልጣሉም፤ እንዲያውም በ1934 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ የባዶ ስፍራ ጉልበት ነው ብለው ተረጎሙት።

ያሰቡት ሁሉ ልክ ነበር ማለታችን አይደለም። ከሰማይ ወደ ምድር የሚወርዱትን ኮስሚክ ጨረሮች የመጀመሪያው አቶም ስብርባሪ ናቸው ብለው ብዙ ዓመት ደክመውባቸዋል፤ ይህ ግምት ግን አልጸናም። መነሻው እጅግ የጋለ መሆኑንና የሙቀቱም ቅሪት እስከ ዛሬ ሊኖር እንደሚችል በ1948 ዓ.ም. ያሰሉት ራልፍ አልፈርና ሮበርት ኸርማን የተባሉ ሌሎች ሊቃውንት ናቸው። በዚያው ዓመት ደግሞ ፍሬድ ሆይልና ጓደኞቻቸው ዓለም መነሻ የላትም የሚል ተቃራኒ ትምህርት አወጡ። ሆይል በ1949 ዓ.ም. በእንግሊዝ ራዲዮ ሲናገሩ የአባ ለሜትርን ወገን ሐሳብ ታላቁ ፍንዳታ ብለው ጠሩት፤ ስሙም በዚያው ጸንቶ ቀረ። ክርክሩ ከ15 ዓመት በላይ ቆየ።

በዚህ ክርክር መካከል አባ ለሜትር ከሁሉ የከበደው ፈተና አጋጠማቸው። በኖቬምበር 1951 ዓ.ም. ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በሮም ለሊቃውንት ባደረጉት ንግግር፣ አዲሱ የሳይንስ ግኝት የዓለምን መፈጠር የሚመሰክር ነው የሚል መንፈስ ያለው ቃል ተናገሩ። ሌላ ሰው ቢሆን የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ ሥራውን ስላወደሱለት በተደሰተ ነበር። አባ ለሜትር ግን አዘኑ። የሳይንስ ሐሳብ ዛሬ ቢጸና ነገ ሊወድቅ ይችላል፤ እምነት በእርሱ ላይ ከተመሠረተ አብሮ ይወድቃል ብለው ሰጉ። ሊቃውንቱም ትምህርቱን የቄስ ስብከት ነው ብለው እንዲንቁት በር የሚከፍት ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት የከዋክብት ሊቃውንት ማኅበር በሮም ከመሰብሰቡ በፊት፣ ከቫቲካን የከዋክብት መመልከቻ አለቃ ከአባ ዳንኤል ኦኮኔል ጋር ሆነው ሐሳባቸውን በትሕትና አስታወቁ። ጳጳሱም በ1952 ዓ.ም. ለሊቃውንቱ በተናገሩ ጊዜ ያን ነገር አላነሡትም።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄያችን መልስ ያገኘነው ከዚህ ላይ ነው። አባ ለሜትር ሳይንስንና ሃይማኖትን አላጣሉአቸውም፤ አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲሠራም አላደረጉም። ጋላክሲዎች በምን ፍጥነት እንደሚሄዱ ከመጽሐፍ ቅዱስ አልፈለጉም፤ ሰው እንዴት መዳን እንዳለበትም ከቴሌስኮፕ አልጠየቁም። ጓደኛችን ይህን ለአያቱ በነገራቸው ጊዜ፣ እንዲህ ያለ ቄስስ ሒሳቡን ይሥራ ብለው እንደ ሳቁ አጫውቶናል።

አባ ለሜትር በእርጅናቸውም ዘመን አዲስ ነገር ከመማር አልቦዘኑም። የስሌት መኪናዎችን እጅግ ይወዱ ነበርና፣ በ1958 ዓ.ም. ለሉቨን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የኤሌክትሮኒክ ኮምፒዩተር አስገቡ፤ ያን ጊዜ 64ኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር። በ1960 ዓ.ም. የጳጳሱ የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

በ1964 ዓ.ም. አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የራዲዮ ሊቃውንት በኒው ጀርሲ አንድ ትልቅ አንቴና ሲፈትኑ፣ ከሰማይ ከየአቅጣጫው ቀንም ሌሊትም የማያቋርጥ ደካማ ድምፅ አገኙ። አንቴናውን ከርግቦች ኩስ ሳይቀር ጠረጉት፤ ድምፁ ግን አልጠፋም። በ1965 ዓ.ም. የዚህ ምክንያት ታወቀ፤ ከጽንፈ ዓለም የመጀመሪያ ግለት የቀረ ሙቀት ነው። ማታ የነደደ ምድጃ ጠዋት እሳቱ ባይታይም፣ ረመጡን የነካ ሰው እሳት እንደ ነበረበት ያውቃል። ይህም ሙቀት ዛሬ ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ያህል የደረሰ፣ እጅግ የቀዘቀዘ የጽንፈ ዓለም ረመጥ ነው።

ይህ ዜና በተሰማ ጊዜ አባ ለሜትር ታመው ነበር። የሥራ ባልደረባቸውና ተተኪያቸው ኦዶን ጎዳር ነገሩን በሕመማቸው ላይ ሳሉ አበሠሩአቸው። ከ35 ዓመት በፊት በአንድ አጭር ደብዳቤ የጻፉት ሐሳብ ምስክር እንዳገኘ ሰምተው ጁን 20 ቀን 1966 ዓ.ም. በሉቨን በ71 ዓመታቸው ዐረፉ። ፔንዚያስና ዊልሰን በ1978 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ታሪኩ ግን በሞታቸው አላበቃም። ፍሪትዝ ዝዊኪ የተባሉ ስዊዛዊ ሊቅ በ1933 ዓ.ም. ኮማ በተባለው የጋላክሲዎች ስብስብ ውስጥ ጋላክሲዎቹ ከሚገባው በላይ ሲፈጥኑ አይተው፣ የሚይዛቸው የማይታይ ቁስ መኖር አለበት ብለው ነበር። በ1970 ዓ.ም. ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ ያችኑ አንድሮሜዳን መርምረው፣ በጠርዝዋ ያሉት ከዋክብት በመካከል እንዳሉት ፈጥነው የሚዞሩ መሆናቸውን አሳዩ። የማይታይ ነገር በስበቱ ይዞአቸው ካልሆነ በስተቀር እንዲህ ሊሆን አይችልም። ይህን ነገር ጥቁር ቁስ ይሉታል። ነፋስ ራሱ አይታይም፤ ነገር ግን በአካባቢያችን ያለውን የሽመል ጫካ ሲያወዛውዘው መኖሩን እናውቃለን። ጥቁሩም ቁስ የታወቀው በሚያንቀሳቅሰው ነገር ነው።

በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች የሚፈነዱ ከዋክብትን ለክተው፣ የዓለም መስፋት እየፈጠነ መሄዱን አገኙ። ለዚህ ምክንያት የሚሆነውን ነገር ጥቁር ጉልበት ብለው ሰየሙት፤ በስሌትም ሲጻፍ አይንስታይን የጣሉትን፣ አባ ለሜትር ግን ያልጣሉትን ያን ላምዳ ይመስላል። ዛሬ ሊቃውንት የጽንፈ ዓለምን ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ያህል ያደርጉታል። በውስጡም እኛና ከዋክብት የተሠራንበት የታወቀው ቁስ ከመቶ 5 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ጥቁር ቁስ 27፣ ጥቁር ጉልበት 68 እጅ ያህል ናቸው። የጥቁር ቁስና የጥቁር ጉልበት ባሕርይ ምን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ማንም አላወቀም። በ2018 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የከዋክብት ሊቃውንት ማኅበር አባላት ድምፅ ሰጥተው፣ ቀድሞ በሃብል ብቻ ይጠራ የነበረው ሕግ የሃብልና የለሜትር ሕግ ተብሎ እንዲጠራ አሳሰቡ። ቁጥራቸውን በገዛ እጃቸው የሠረዙት ሰው ከሞቱ ከ52 ዓመት በኋላ ስማቸው በቦታው ተጻፈ።

እንግዲህ ውድ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከመቶ 95 እጁ ያልታወቀ ዓለም ገና ተመርማሪ ሆኖ ይጠብቀናል። በአገራችን በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ከግልገል በለስ እስከ እንጦጦ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ነገር ግን ከምሽግ ተነሥተው እስከ ጽንፈ ዓለም መነሻ የተጓዙት ሰው መንገድ ከዚህ ይርቅ ነበር።

ወላጆቻችንም ስለ ሰማይ ስንጠይቅ አይስጉብን። መምህራኖቻችንም ላልገባን ነገር ደግመው ያስረዱን። ትምህርታችሁ ተቋርጦ የተመለሳችሁ ጓደኞቻችንም ዘገየን ብላችሁ አትፈሩ፤ አባ ለሜትር ከጦር ሜዳ ሲመለሱ ከእናንተ ይልቅ ዘግይተው ነበርና። በመጪው ኅዳር ማታ መብራት ቢጠፋ ከማማረር ይልቅ ወደ ደጅ ወጥተን በኢትዮጵያዊው ንጉሥ ልጅ ስም የተጠራችውን ጭጋግ እንፈልጋት።